የደሴት እረፍት የሚታቀደው ከወሩና ከጨረቃዋ ተነስቶ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለ ሞቃታማ ደሴቶች የሚወጡትን ጽሑፎችና ማስታወቂያዎች ሳላነብ አላልፍም። ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ፤ ከሥሩ የሆቴሉ ስምና የአንድ ሌሊት ዋጋ። ፎቶው ሐሰት ነው አልልም፤ ያንን ውኃ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን በየትኛው ወር፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት፣ ከደሴቱ በየትኛው ጎን ተቆሞ እንደተነሳ ተጽፎ አላየሁም። የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ፣ ለዓመታት የቆጠበውን ገንዘብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከሆቴሉ ስም በፊት መታወቅ ያለበት ይኸው ነው።

እኔ ዕድሜዬን በጭነት መርከብ ላይ አሳልፌ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሕንድ ውቅያኖስን ደሴቶች ከመርከብ ላይ ሆኜም፣ ወርጄ አሸዋቸውን ረግጬም አውቃቸዋለሁ። መርከበኛ ወደ አንድ ወደብ ከመጠጋቱ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ውኃው በስንት ሰዓት ይሞላል? ከሥር ያለው አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ? ለእረፍት የሚሄድ ሰውም እነዚህኑ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። የአልጋውና የቁርሱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ብዕር እንዳነሳ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሠርጓ ኤፕሪል ላይ ነው። ለጫጉላ ሽርሽራቸው የመረጡትን ሆቴል ልታሳየኝ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ዛንዚባር ነው፤ ፓጄ የሚባል ቦታ። ከክፍላችን ስንወጣ ባሕሩ ውስጥ ነን።»

«ወሩን ማን መረጠው?» አልኳት።

«ሠርጉ ነዋ! ደግሞ በዚያ ወር ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል፤ ዕድል ገጥሞን ነው።»

ዋጋው ለምን በግማሽ እንደሚቀንስ የነገራት የለም። ቦታ የሚያስይዝላቸው የጉዞ ወኪልም ስለ ዝናብ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ያስረዳኋትን ለሌሎች አንባቢዎችም ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። ቲኬቱም ሆቴሉም የሚቆጠረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ወሮቹንና ዓመቶቹን በዚያው እጽፋለሁ።

ዛንዚባር ላይ ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ድረስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን የአገሩ ሰዎች ካስካዚ ይሉታል። ከዓመቱ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ ኩሲ ይባላል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች የጫኗቸው ዳው የሚባሉ ባለ ሸራ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በካስካዚ እየወረዱ፣ በኩሲ ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበረው በዚህ ሥርዓት ነው። ነፋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዞርበት ጊዜ ዝናብ ይመጣል። ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ ያለው ትልቁ ዝናብ ማሲካ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው አጭሩ ዝናብ ቩሊ ይባላል። ኤፕሪል የማሲካ እምብርት ነው። በዚያ ወር አንዳንድ ሆቴሎች ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ክፍት የሆኑት ዋጋ ይቀንሳሉ። ዝናብ የማያስከፋው፣ መጽሐፉን ይዞ በረንዳ ላይ መቀመጥ የሚወድ ሰው አውቆ ቢሄድ በጣም ይጠቀማል። ሳያውቅ የሄደ ግን ሻንጣውን ሳይፈታ ማዘን ይጀምራል።

ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይህን ነው፤ ወሩን ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ደሴቱን አንቀሳቅሱ። ኤፕሪል ለዛንዚባር የዝናብ ወር ቢሆንም ለሲሼልስ ሁለቱ ነፋሶች የሚተኙበት ወቅት ነው። እዚያ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ያይላል፤ ከዲሴምበር እስከ ማርች ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ዝናብ ይዞ ይገባል። በመካከል፣ ኤፕሪል አካባቢና እንደገና ኦክቶበር አካባቢ፣ ባሕሩ ረጋ ይላል፤ ከውኃው በታች ያለውም ጥሩ ሆኖ ይታያል። ሙቀቱ ይከብዳል፤ ዝናብም ጨርሶ አይጠፋም። የሁለቱ ደሴቶች የኤፕሪል ባሕር ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ሲሼልስን ካነሳሁ አይቀር የደሴቱን ጎን መምረጥ ማለት ምን እንደሆነ በእሱ ላሳይ። በትልቁ ደሴት በማሄ ላይ ቦ ቫሎን የሚባለው የታወቀ የባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያያል። ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ በሚያይልበት ጊዜ ተራራው ከኋላ ስለሚከልለው ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ ዲሴምበር ሲመጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚገባ ሞገዱ ይነሳል። ፕራስሊን በሚባለው ደሴት ላይ ያለው አንስ ላዚዮ የተባለ ዳርቻም እንደዚሁ ነው። በላ ዲግ ደሴት ግራንድ አንስ የሚባለው ዳርቻ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ሞገዱ ይከፋል፤ ጅረቱም ወደ ጥልቁ የሚጎትት ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሎበታል። አገሩ አንድ ሆኖ፣ በአንድ ቀን አንዱ ዳርቻ ሕፃን የሚንቦጫረቅበት፣ ሌላው ዋናተኛ የሚሰጥምበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሆቴሎች ማስታወቂያ ላይ «ከባሕሩ ፊት ለፊት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። የትኛው ነፋስ ፊት ለፊት?

ማልዲቭስም የራሱ አከፋፈል አለው። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሞንሱን የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ወቅታዊ ነፋስ ደመናና ዝናብ ያመጣል፤ ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ማርች ሰማዩ ይጠራል፤ ዋጋውም የሚሰቀለው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም «መጥፎ ወቅት» የሚባለው የራሱ በረከት አለው። ባ አቶል በሚባለው፣ በቀለበት ቅርጽ በተደረደረ የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ሃኒፋሩ በምትባለው ትንሽ የባሕር ሰላጤ ማንታ ሬይ የሚባሉት ክንፋም ዓሦች ለመብላት የሚሰበሰቡት በዚሁ በዝናቡ ወቅት ነው፤ የሞንሱኑ ሞገድ የባሕሩን ጥቃቅን ሕይወት ወደ ሰላጤዋ ስለሚገፋላቸው። አቶሉ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሃኒፋሩ ውስጥ በአየር ጠርሙስ መጥለቅ ክልክል ነው፤ በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ ተንሳፍፎ ማየት ብቻ ይፈቀዳል። እንግዲህ አሸዋ ላይ መጋደም የሚፈልግ ፌብሩዋሪን፣ ማንታውን ማየት የሚፈልግ ኦገስትን ይመርጣል። መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «ምን ላደርግ ነው የምሄደው?» የሚለው ነው።

ስለ ከባዱ አውሎ ነፋስ በአጭሩ ልናገር። በካሪቢያን ሃሪኬን የሚባለው አውሎ ነፋስ የሚነሳበት ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን የሚነሳው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ሲሆን፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይከፋሉ። ጃንዋሪ 2024 ላይ ቤላል የተባለው ሳይክሎን የሞሪሺየስን ዋና ከተማ ፖርት ሉዊስን በጎርፍ አጥለቅልቋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቺዶ የተባለው ማዮት ደሴትን ደምስሷታል። ወደ ምድር ወገብ በጣም በቀረብን ቁጥር ግን አደጋው ይቀንሳል፤ ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም 5 ዲግሪ ያህል ውስጥ የምድር መሽከርከር ነፋሱን ጠምዝዞ ወደ አዙሪት የሚለውጥበት ኃይል ደካማ ስለሆነ ሳይክሎን እዚያ አይወለድም ማለት ይቻላል። ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ ከዚሁ መስመር ውስጥ ናቸው። የዚያው አገር የሆነውና ርቆ ወደ ደቡብ ያለው ፋርኳር የሚባለው ደሴት ግን ኤፕሪል 2016 ላይ በፋንታላ ሳይክሎን ተመትቷል። ስለዚህ የአገሩን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የደሴቷን ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በስንት ዲግሪ እንደምትርቅ፣ ካርታ ላይ ፈልጉ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ፣ ወደ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት፣ ማለትም ውኃው በጨረቃ ስበት በየቀኑ ወደ ዳር መምጣቱና መሸሹ፣ ልምጣ። ይህን የሚያነሳ የጉዞ ጽሑፍ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ለእረፍቱ ጣዕም ግን ከሁሉም በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

የዛንዚባር ባሕር ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ልትወለድ ስትል በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይጠጋል። የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ጎረቤቶቻቸው፣ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ውኃው 4 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ወደ ጎን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል፤ ከዚያም በላይ የሚሄድበት ቀን አለ። በፎቶው ላይ ከበረንዳው ሥር የነበረው ባሕር በአድማስ ላይ ያለች ነጭ መስመር ይሆናል። በቦታው ላይ የሚቀረው እርጥብ አሸዋ፣ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች፣ ኮራልና እሾኻማ የባሕር ጃርት ነው። መዋኘት የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ውኃው የሚሸሸው ረፋዱ ላይ ነው፤ መልሶ የሚሞላው ከቀትር በኋላ ወደ ማምሻው። በየዕለቱ ሰዓቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ከሳምንት በኋላ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ረፋዱ ላይ ውኃ ይኖራል፤ ሙላቱና ጉድለቱም ያን ያህል አይራራቅም። ስለዚህ ፓጄ የሚያርፍ ሰው ጠዋት መዋኘት ከወደደ፣ ጉዞውን ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ቢያደርግ ይሻለዋል። የጨረቃው ቀን ከዓመት በፊት ይታወቃል፤ የባሕሩም የሙላት ሠንጠረዥ በነፃ ይገኛል። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚሸሽ ባሕር ግን እንደ ጉድለት ብቻ እንዲታይ አልፈልግም። ውኃው ሲወርድ የመንደሩ ሴቶች ወደ ተጋለጠው መሬት ይወጣሉ፤ በገመድና በችካል ያሰሩትን የባሕር አረም ይንከባከባሉ፣ ያጭዳሉ። ይህ እርሻ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ወፍራም ጫማ አድርጎ፣ ከአገሩ ሰው ጋር፣ ገመዳቸውን ሳይረግጡ እዚያ መራመድ በሕይወቴ ካየኋቸው ደስ ከሚያሰኙ ነገሮች አንዱ ነው። የእርሻውን ሴቶች ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሥራ ላይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ደግሞ በሰሜኑ ጫፍ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ቢያርፍ ውኃው ያን ያህል ርቆ አይሄድበትም። የመንደር ጀልባ ባለቤት የመነሻ ሰዓት ሲነግራችሁ ደግሞ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ስዋሂሊ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሳ ንኔ» (አራት ሰዓት) ማለት በሆቴሉ ግድግዳ ሰዓት 10 ነው። በሞሪሺየስ፣ በማልዲቭስና በአብዛኛው ካሪቢያን ሙላትና ጉድለቱ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ይህ ሁሉ ስሌት ያን ያህል አያስፈልግም።

ቀጥሎ የመጨረሻው የጉዞ ክፍል። ትልቁ አውሮፕላን ከሚያርፍበት ደሴት ወደምታርፉበት ደሴት እንዴት ነው የምትሻገሩት? ማልዲቭስ ላይ በውኃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ማምሻውን የሚደርስ መንገደኛ ሪዞርቱን በዚያ ሌሊት አያይም፤ በዋና ከተማዋ በማሌ አካባቢ ማደር አለበት፤ ያ ሌሊት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ቲኬቱን በጥቂት ብር ርካሽ ያደረገው የመድረሻው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሪዞርት ሳይሆን ነዋሪዎች ባሉበት ደሴት ለሚያርፍ ደግሞ የሕዝብ ጀልባ ዓርብ ቀን በአብዛኛው እንደማይሄድ ይወቅ። ሲመለሱም ስሌት አለ፤ በአየር ጠርሙስ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ በደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። የመጨረሻው ቀን ለመጥለቅ አይደለም ማለት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በወረቀት በኩል እውነት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚነሳ መንገደኛ ዛንዚባርም ሲሼልስም ማልዲቭስም ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ጉዞው ሊደርስ ሲል የሚከተብ ሰው ካርድ ይዞ ካርድ እንደሌለው ይቆጠራል። አንዴ ከተወሰደ ግን ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌውን ካርድ የጣለ ካለ ይፈልገው። ዛንዚባር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ በሙሉ የራሷን የጉዞ መድን ግዴታ አድርጋለች፤ ክፍያው 44 ዶላር ሆኖ ነው የተጀመረው። ሌላ መድን አለኝ ማለት አያድንም። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚወሰድ የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ ማረፊያና የመመለሻ ቲኬት ካልታየ አይሰጥም። ማልዲቭስ ለመግባትም ከጉዞው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ አለ።

የሰውን አገር ሕግ ማክበርም የዕቅዱ አካል ነው። በማልዲቭስ ነዋሪ ባለባቸው ደሴቶች አልኮል አይሸጥም፤ የዋና ልብስ የሚለበሰውም ለእንግዶች በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው። ሪዞርት ደሴቶቹ ላይ ሁለቱም ይፈቀዳሉ። አልኮል በሻንጣ ይዞ መግባት ግን በሁለቱም ዘንድ ክልክል ነው፤ ኤርፖርቱ ላይ ይወሰዳል። ዛንዚባር የምትገኝባት ታንዛኒያ ደግሞ ከጁን 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባትን ከልክላለች።

ስለ ባሕሩ አደጋ ስናገር ልቤ ይከብደኛል። ሞቃታማ ባሕር የዋህ ይመስላል፤ ለብ ያለ፣ ብሩህ፣ ሥሩ የሚታይ። ሞገዱ ወደ ዳር ያመጣው ውኃ ተሰብስቦ በአንድ ጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ቦታ አለ። ይህ ጅረት ከላይ ሲታይ ሞገድ የሌለበት ጸጥ ያለ መንገድ ይመስላል፤ መዋኘት የማይችሉ ሰዎች ለመግባት የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ ያንኑ ነው። የያዘው ሰው ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት እየታገለ ወደ ዳር መዋኘት የለበትም፤ ይደክምና ይሰጥማል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን መዋኘት፣ ከጅረቱ ሲወጡ ብቻ ወደ ዳር መዞር ነው። መዋኘት የማይችል ከሆነ እጁን እያወዛወዘ መንሳፈፍና መጣራት አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ከመግባት በፊት የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ መጠየቅ ነው። ጉዞው ገና ወራት ከቀሩት ዋና መማር ይቻላል፤ የእህቴን ልጅና እጮኛዋን ይህን ነው የለመንኳቸው። ጀልባ ላይ ስትወጡም በልካችሁ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ሕፃን የያዛችሁ በተለይ። ባለ ጀልባው ቢቆጣም ይቆጣ።

ደሴት ውስን ነገር ናት። በዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች የሚጠጣው ውኃ ከጨዋማው የባሕር ውኃ በላይ በአሸዋው ውስጥ የተንሳፈፈ ስስ የዝናብ ውኃ ነው፤ ከልክ በላይ ከተቀዳ ጨዋማው ወደ ላይ ይወጣል። ማልዲቭስ በብዛት የባሕር ውኃ አጣርታ ትጠጣለች። ዲሴምበር 2014 የማሌ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ እሳት ተነስቶ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ውኃ አጥቶ፣ ከውጭ አገር በአውሮፕላንና በመርከብ ተጭኖ መጥቶለታል። እንግዳ ገላውን ሲታጠብና ፎጣ በየቀኑ ሲያስቀይር ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ኮራሉም እንዲሁ። ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ቆሞበት ፎቶ የሚነሳ ሰው እየገደለው ነው። ውኃው ከለመደው በላይ ሞቆ ሲቆይ ይነጣል፤ 1998 ላይ የሲሼልስና የማልዲቭስ ኮራል አብዛኛው በዚህ ምክንያት ሞቷል፤ ኤፕሪል 2024 ላይም አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ታውጇል። ሙቀቱን እኛ አንድ ጎብኚ ሆነን አናቆመውም። እግራችንንና ክሬማችንን ግን መቆጣጠር እንችላለን። ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን የፀሐይ ክሬሞች መሸጥ ከልክላለች፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ደሴታማ አገር ፓላው ከዚያ በአንድ ዓመት ቀድማለች። እጅጌ ረጅም የዋና ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ክሬም የሚያስፈልገው ልብስ ያልሸፈነው ገላው ላይ ብቻ ነው፤ ቆዳውም ከቃጠሎ ይድናል። በታይላንድ ማያ ቤይ የሚባለው ዳርቻ በጎብኚ ብዛት ኮራሉ ስለተጎዳ ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ተዘግቶ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ ደሴት በ2018 ለስድስት ወር ተዘግታለች። ስለዚህ የምትሄዱበት ቦታ በዚያ ወር ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ።

የእህቴ ልጅና እጮኛዋ የፓጄውን ሆቴል ትተው ላ ዲግን መረጡ። ሲሼልስ ውድ ስለሆነች የሚያርፉበትን ጊዜ አሳጥረው፣ ሪዞርት ትተው ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ትንሽ ማረፊያ ተስማሙ፤ ላ ዲግ ላይ ብስክሌት ተከራይቶ ደሴቱን መዞር ይቻላልና መኪናም አያስፈልጋቸውም። ዝናብ ቢይዛቸው ፕራስሊን ተሻግረው የቫሌ ደ ሜን የዘንባባ ደን ያያሉ፤ በ1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው ኮኮ ደ ሜር የሚበቅልበት ነው። ዘሩን ያለ ፈቃድ ወረቀት ይዞ መውጣት እንደማይቻልም ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ለዝግጅት ክፍሉ ወደማቀርበው ጥያቄ ልምጣ። ስለ አንድ ደሴት ጽሑፍም ሆነ ማስታወቂያ ስታወጡ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ብትጨምሩልን እለምናለሁ። ዝናቡ የሚበዛባቸው ወሮች፣ የነፋሱ አቅጣጫ በየወቅቱ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት፣ ከኤርፖርት እስከ ማረፊያው ያለው መሻገሪያና ሰዓቱ፣ የሚጠየቁት ወረቀቶች፣ ዳርቻው ለመዋኘት የሚያሰጋበት ጊዜ። ከታች ደግሞ መረጃው የተጣራበት ቀን ይጻፍ፤ ክፍያና ደንብ ይለወጣልና። ማስታወቂያ የሚያስነግሩትንም ድርጅቶች ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሳ እንዲጽፉ ጠይቋቸው። በባሕር ዳር ሠርተው የሚያድሩ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ውኃው ከእኔ በላይ የሚያውቁ አንባቢዎች እንዳሏችሁም አልጠራጠርም፤ እነሱም ይጻፉ። ለሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ለዝግጅት ክፍሉ ለመላክ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መርከበኛና የዘወትር አንባቢያችሁ